ሁለት ልጆች፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ክረምት

ሰኔ 30፣ 2017 ዓ.ም.

ትምህርት ተዘጋ። ከዛሬ እስከ እንቁጣጣሽ ሚጣንና ማሙሽን ፒያኖ ላለማምዳቸው አስቤያለሁ። ቤታችን ያለው እርግጥ ፒያኖ ሳይሆን ያገለገለ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው፤ እናቴ «ኦርጋኑ» ትለዋለች። ሚጣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ማሙሽ አራት ዓመት ከመንፈቅ። የሞከርኩትን ሁሉ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ሚጣ ባለፈው ዓመት ለጥቂት ወራት አስተማሪ ነበራት። በተሳሳተች ቁጥር ጣቷን በእርሳስ ጫፍ ነካ ያደርጋታል። አይመታትም፣ ግን እርሳሱ ከእጁ አይለይም። በሦስተኛው ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር። ሐኪም አይቷት ምንም አላገኘባትም። ትምህርቱን ስናቋርጥ ሕመሙም አብሮ ቀረ። ነገሩን ቶሎ አለመረዳቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱ ከነሳጥኑ አልጋ ሥር ነው።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ተማሪ እያለሁ ከባንድ ልጆች ጋር ስነካካ የለመድኳት ጥቂት ነገር አለችኝ፣ ያችው ናት። ካነበብኩት ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ የአገሩ ሕፃናት ሁሉ በጃፓንኛ አፋቸውን ሲፈቱ ልብ ብሎ፣ ሙዚቃንም በዚያው መንገድ ማስተማር ይቻላል ብሎ ተነሣ። መጀመሪያ መስማት፣ ወላጅ አጠገብ መሆን፣ ንባብ ኋላ። እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ የልጆቼ ጆሮ የተፈታው በየትኛው ዜማ ነው? ከዚያ ነው መጀመር የምፈልገው።

ሐምሌ 2

ኪቦርዱን አወጣነው። ሶል የምትባለው የመሃል ቁልፍ ድምፅ የላትም፤ ከጎኗ ያለችው ላ ደግሞ በኃይል ካልተጫኗት አትሰማም። ልጆቹ ዙሪያዬን ከበው ገለበጥኩት። ከሥር ያሉትን ብሎኖች እየፈታሁ ሳቀብለው ማሙሽ በቡና ስኒ ሰበሰባቸው። ከቁልፎቹ ሥር ጉብ ጉብ ያለ የጎማ ንጣፍ አለ፤ በየጉብታው ውስጥ ጥቁር የካርቦን ነጥብ። ቁልፉ ሲጫን ነጥቡ ከታች ካለው ሰሌዳ ጋር ይገናኝና ድምፅ ይወጣል። አቧራ ወይም የፈሰሰ ነገር ከሸፈነው ዝም ይላል። አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጌ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ መልሼ ገጠምኩት። ሶል ጮኸች።

ሚጣ ከዓመት በኋላ ኪቦርዱን የነካችው ያኔ ነው። ሶልን ብቻ፣ ደጋግማ፣ «ዳነች፣ ዳነች» እያለች። ምንም አላልኩም። ሻይ ላፈላ ተነሥቼ ሄድኩ።

ሐምሌ 4

ሳጥኑን ለቆራሌው ሰጠሁት። ኪቦርዱ ከእንግዲህ ሳሎን ነው፣ መስኮቱ ሥር፣ ነጠላ ለብሶ። ከአልጋ ሥር የሚጎተት፣ ገመዱ የሚፈለግ፣ ጠረጴዛ የሚጸዳለት ነገር ልጅን አይጠራም።

አቀማመጥ ላይ ጊዜ ወሰድኩ። ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለሚጣ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ጋቢ በቃት፤ ለማሙሽ ጋቢም ትራስም አስፈለገው። ከዚያ የሁለቱም እግር ተንጠለጠለ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ትከሻው ይነሣል፣ ይወዛወዛል፣ በአምስት ደቂቃ ይደክመዋል፤ እኛ ደግሞ «አትቅበጥ» እንለዋለን። የእናቴን ዱካ ከእግራቸው ሥር አደረግሁ፤ ወዲያው ረጋ አሉ። ባለፈው ዓመት ሚጣ አምስት ወር ሙሉ እግሯ አየር ላይ ነበር።

ለእጃቸው ደግሞ ሎሚ። «ጣትሽን ክብ አድርጊ» ሲባል ልጅ ጣቱን ያደርቃል። የእኛ ትንሿ ሎሚ ለልጅ መዳፍ ልኩ ናት። ያዟት፤ ቀስ ብዬ ስስባት እጁ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ በዚያው ቁልፉ ላይ ያርፋል። ማሙሽ እጁን እያሸተተ ዋለ።

ሐምሌ 6

ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተቧድነዋል። ለማሙሽ «ሁለቶቹ መንታዎች ናቸው» አልኩት። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና «ሦስቶቹማ ጉልቻ ናቸዋ!» አለች። ልጆቹ ጉልቻ አያውቁም፤ ኮንዶሚኒየም ተወልደው በኤሌክትሪክ ምድጃ ያደጉ ናቸው። እማማ ሦስት ድንች ወለሉ ላይ አስቀምጣ ድስት ጣደችባቸው። ከዚህ በኋላ ዶ ማለት ከመንታዎቹ በስተግራ ያለችው ነጭ ናት፤ ፋ ማለት ከጉልቻው በስተግራ ያለችው። አምስት መንታ፣ አምስት ጉልቻ፣ በድምሩ 25 ጥቁር። ማሙሽ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ መንታዎችን ብቻ እየነካ ሄደ፤ ይህ የመጀመሪያ ሙዚቃው ነው።

በጥቁሮቹ የጀመርኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከጉልቻው የግራ ድንጋይ፣ ማለትም ከፋ ሻርፕ፣ ተነሥተው አምስቱን ጥቁር ድምፆች ሲቆጥሩ የሚገኘው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሕዝብ የሚጫወትበት ባለ አምስት ድምፅ መሰላል ነው፤ እኛ ቤት ግን ትዝታ ነው፣ ልጆቹ በእናቴ ጀርባ ታዝለው የሰሙት። እኔ በግራ በኩል ዝቅ ብዬ ፋ ሻርፕንና ዶ ሻርፕን (የመንታዎቹን የግራ) አመላልሳለሁ፤ ሚጣ ከላይ የፈለገችውን ጥቁር ትነካለች። ሁሉም ይስማማል።

ዞር ብላ «ተሳሳትኩ?» አለችኝ።

«አይ።»

ጥቂት ቆይታ፣ «አሁንስ?»

«አሁንም አልተሳሳትሽም።»

ሦስተኛ አልጠየቀችም። ማታ ለባለቤቴ ይህን ስነግራት ሁለታችንም ዝም አልን።

ሐምሌ 9

የዛሬው የእኔ ስህተት ነው። ባለፈው ሰሞን ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ለጥፌ ነበር፦ አምስት ጊዜ ለተጫወተ አንድ ኮከብ፣ አሥር ኮከብ ለሞላ ኬክ። ሁለት ቀን ቤቱ በድምፅ ተሞላ። በሦስተኛው ቀን ሚጣ የምትነካውን ሳታዳምጥ እየተጣደፈች አምስቱን ጨረሰችና «ኮከቤ!» ብላ እጇን ዘረጋች። ማሙሽ ከእህቱ አነሰብኝ ብሎ አለቀሰ። ሰንጠረዡን አወረድኩት። ሙዚቃውን ደመወዝ የሚጠየቅበት ሥራ አድርጌባቸው ነበር።

በቦታው አምስት ሽምብራና ሁለት የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን መጡ። አንድ ጊዜ ተረጋግቶ ሲነካ አንድ ሽምብራ ከግራው ሳህን ወደ ቀኙ ይሻገራል። ሽልማት የለውም። «አምስት ጊዜ ድገሚ» የተባለች ልጅ መጨረሻው አይታያትም፤ ሽምብራው ግን ሲያልቅ በዓይኗ ታያለች። አንድ ሕግ ብቻ አውጥተናል፦ የተሻገረ ሽምብራ አይመለስም።

ሐምሌ 13

ምት። በሀንጋሪው የኮዳይ ዘዴ ልጆች «ታ»፣ «ቲ ቲ» እያሉ ነው የሚማሩት። ሞከርነው፣ ያዙት፣ ግን ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። ስለዚህ ወጥ ቤት ገባን። አንድ ሙሉ ምት «ማር» ነው። ለሁለት ሲከፈል «ዳቦ»። ለሦስት «እንጀራ»። ለአራት «ማካሮኒ»። ማር፣ ማር፣ ዳቦ፣ ማር። ዳቦ፣ ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ ማር። ማሙሽ በራሱ ጊዜ «አቮካዶ» ብሎ ጨመረ፤ ቆጠርነው፣ አራት ነው፣ ተቀባይነት አገኘ። ድምፅ የማይሰማበትን ምት ምን እንበለው ስል ሚጣ «ጾም» አለች። ማር፣ ዳቦ፣ ጾም፣ ማር። እናቴ ሳቀች፣ «ልክ ነው፣ ጾምም ቀን ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ጾሙን ዘሎ ይሄዳል፣ ልጆቼ ግን አሁን ይቆጥሩታል።

ሐምሌ 16

የክረምቱ ምርጥ ነገር ዛሬ ተገኘ ብዬ አምናለሁ።

ምቱን የምንጽፍበት ነገር ፈልጌ ከባለ 30 የእንቁላል ትሪ አንድ ረድፍ ቆረጥኩ። ስድስት ጉድጓድ። ባቄላ ያለበት ጉድጓድ ይነካል፤ ባዶው ጾም ነው። አንደኛውንና አራተኛውን ጉድጓድ ቀይ ቀባሁ፤ እዚያ እግር ወለሉን ይመታል። ስድስት ጉድጓድ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ብዙው የአገራችን ጭፈራ የሚረግጠው ስድስት ስምንተኛ በሚባለው ምት ነው፣ ችክችካው በዚያ ነው የሚሄደው። እናቴ ስታየው «ገበጣ ነው እንዴ?» አለች፤ በልጅነቷ መሬት ቆፍረው ስለሚጫወቱት ገበጣ ግማሽ ሰዓት አወራችልን።

ከዚያ ሥራውን ከፈልነው። ማሙሽ ባቄላውን ይደረድራል፣ ሚጣ የደረደረውን በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ትነካለች። መጀመሪያ ስድስቱንም ሞላ፤ እህቱ እንደ ስፌት መኪና ተጣደፈች። ሁለተኛውንና አምስተኛውን አወጣ፤ የሆነ ነገር ተፈጠረ። ትከሻዋ መንቀሳቀስ ጀመረ። ማሙሽ ትከሻዋን አይቶ ባቄላውን አየ። «እኔ ነኝ ያስጨፈርኳት!» ብሎ ጮኸ።

ለአራት ዓመት ሕፃን ከእህቱ ጋር እኩል መጫወት አይቻለውም፤ ጣቱ ገና ነው። ደራሲ መሆን ግን ይችላል። ከዛሬ በፊት «እኔም፣ እኔም» እያለ ሲገፋት ነበር፤ ዛሬ ለ20 ደቂቃ አልተጋፉም።

ሐምሌ 20

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ጠዋት ስምንት ደቂቃ፣ ማታ ከራት በፊት ስምንት ደቂቃ። ገና እየጣማቸው አቆማለሁ። ታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ሕፃን ስላላቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሄድፎን ነው።

ሐምሌ 22

አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ውስጥ ግራንድ ፒያኖ አለ። ኃላፊዋን አስፈቅደን ገባን። እሷም ደግ ሴት ነች፣ ክዳኑን ራሷ ከፈተችልን። 88 ቁልፍ፣ 52 ነጭና 36 ጥቁር። ማሙሽ ቁጥሩን አይችለውም፤ መንታና ጉልቻ ግን ይችላል። ከቀኝ እየቆጠረ መጥቶ ግራ ጫፍ ሲደርስ ቆመ፦ መንታም ጉልቻም ያልሆነች አንዲት ብቸኛ ጥቁር ቁልፍ። «ሁለት ድንጋይ ጠፍቶባታል» አለኝ አዝኖ። ትክክል ነው፤ ፒያኖው የሚጀምረው ከላ ስለሆነ እዚያ የቀረችው የጉልቻው የቀኝ ድንጋይ ብቻ ናት።

ሚጣን የማረካት መዶሻው ነው። ቁልፏን ስትጫን በሱፍ የተጠቀለለች ትንሽ መዶሻ ተነሥታ ክሩን መትታ ትመለሳለች። ቀጭን ድምፅ ባለበት ወገን አንዷ መዶሻ ሦስት ክር ትመታለች። ነገርኳት፦ ከፒያኖ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ ክሩን በጥፍር እንደ መንቆር ስለሚነካ፣ ተጫዋቹ ቢለሰልስም ቢጠነክርም ድምፁ ያው ነበር። በፈረንጆቹ 1700 አካባቢ በጣሊያኗ ፍሎረንስ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የሚባል ባለሙያ መዶሻውን አመጣ፤ «ፒያኖ» የሚለው ስምም ለስላሳ ማለት ነው፣ ለስላሳም ብርቱም መጫወት ስለቻለ። ሚጣ አንዲት ቁልፍ በጣም ቀስ ብላ ተጫነች፤ መዶሻዋ ተነሥታ ክሩን ሳትነካ ተመለሰች። «ተኝታለች» አለች በሹክሹክታ።

ቤት ስንመለስ ኪቦርዳችን ለምን እንዲህ እንደማይል መረመርኩ። ቁልፉ የሚጫንበትን ኃይል የሚለየው ማስተካከያ አለው፤ ጠፍቶ ኖሯል። ምናልባት ከገዛነው ጀምሮ! አበራሁት። ሚጣ «አሁን መዶሻ ገባለት» አለች። ኪቦርድ ያላችሁ ዛሬውኑ እዩልኝ።

ሐምሌ 28

ወደ ነጮቹ ተሻገርን። ቁልፍ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሙጫው ስለሚቀር፣ ከጫማ ካርቶን ቀጭን ዘንግ ቆርጬ ከቁልፎቹ ጀርባ አቆምኩ። ዘንጉ ላይ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ቀይ ነጥብ አላቸው። ከላ ተነሥቶ ላ ላይ የሚያርፍ ዜማ ትዝታ ማይነር ነው። እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ሳንለቅ ቤታችንን፣ ማለትም የዜማውን ማረፊያ፣ ሚ ላይ ስናደርግ አምባሰል ይሆናል። በዘንጉ ጀርባ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሰማያዊ ናቸው፤ ዶ ላይ የሚያርፈው ባቲ ሜጀር ነው። አንዲት ጥቁር ቁልፍ ሳትነካ ሦስት ቅኝት። አንቺ ሆዬ ጥቁር ስለምትፈልግ ትቆይ።

ጨዋታው «ቤት» ይባላል። የፈለጉትን ቀይ እየነኩ ይዞራሉ፤ «ዘነበ!» ስል ወደ ቤታቸው፣ ወደ ላ ወይም ወደ ሚ፣ ይሮጣሉ። ውጭ በእውነትም እየዘነበ ነበር።

እናቴ ወሎዬ ነች። አምባሰሉን ስነካው ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች። «ይሄ ያገሬ ነው» ብላ ዓይኗን ጨፍና አንጎራጎረች። ሲያልቅ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ማሲንቆው እንዲህ አይልም፤ እዚህች ጋ ትንሽ ይጎትታታል» ብላ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለውን ክፍተት በጣቷ አሳየችኝ። ፒያኖ በሁለት ቁልፍ መካከል ድምፅ የለውም። ሚጣ ግን «ታዲያ በአፋችን እንሙላው» አለች፤ እማማ እየጎተተች ስትዘፍን እሷ ከሥር ሚን ያዘችላት።

ነሐሴ 4

መጥፎ ሳምንት። ሁለቱም ጉንፋን ይዟቸዋል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ኪቦርዱ በስድስት ባትሪ ስለሚሠራ መብራቱ እንኳ አላስቸገረም። ያስቸገረው ሚጣ «አልፈልግም» ማለቷ ነው። የዱሮው ቅዳሜ ጠዋት ትዝ አለኝና ነጠላውን አለበስኩት። አራት ቀን ማንም አልነካውም። እኔ ማታ ማታ ሄድፎን አድርጌ የራሴን ተለማመድኩ።

በአምስተኛው ቀን ማሙሽ ትሪውን ይዞ አልጋዋ ድረስ ሄደ። አዲስ ደርሶ ነበር፤ አንድ ባቄላ ብቻ፣ ስድስተኛው ጉድጓድ ውስጥ። «ይሄ ይከብዳል» አላት። ተነሣች።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ለዚህ ስንዘጋጅ ሰንብተናል። ሆያ ሆዬ አውራጅና ተቀባይ አለው፤ አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ «ሆ!» ይላሉ። ለሕፃን ከዚህ የተመቸ ሙዚቃ የት ይገኛል? ማሙሽ የሚጠበቅበት «ሆ» ላይ አንዲት ቁልፍ መምታት ነው። ከባዱ ነገር መምታቱ አይደለም፣ እስከዚያ ዝም ብሎ መጠበቁ ነው፤ እሱን ደግሞ ከጾሙ ለምዶታል። ሚጣ ሁለቱን ድምፆቼን ተረክባ ከሥር ታመላልሳለች።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ገጠመኝ። የሕንፃችን ልጆች ዱላቸውን ይዘው ደጃችን ሲቆሙ በመሰላቸው ከፍታ ነው የጀመሩት፤ ኪቦርዱ ከድምፃቸው ጋር ተጣላ። ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ እየጫንኩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደረጃ ሳወጣ ገጠመ። ልጆቹ ደነገጡና ከበፊቱ የበለጠ ጮኹ። ዱላው ኮሪደሩን ሲመታ፣ ማሙሽ ጋቢው ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን «ሆ» ጠብቆ ሲያሳርፍ፣ እናቴ ሙልሙሉን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ረሳችው። ከልጆቹ ትንሹ ገብቶ «እኔም አንዴ ልምታ» አለ። ማሙሽ ከወንበሩ ወረደለት። ማንም አላዘዘውም።

ነሐሴ 25

ማታ ማታ ከመኝታ በፊት እንሰማለን፣ ያለ ምንም ጥያቄ። ሰሞኑን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን። ምታቸው እንደ ንግግር ይፈጥናል ይዘገያል፤ ሚጣ በባቄላ ልትይዘው ሞክራ «ትሪ ውስጥ አይገባም» አለች። ስለ እርሳቸው ነገርኳት፦ በፈረንጆቹ 1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን የተማሩ፣ በኋላ መንኩሰው የመጨረሻ ዕድሜያቸውን በኢየሩሳሌም ገዳም ከፒያኖ ጋር ያሳለፉ፣ በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉ። «መነኩሴ ፒያኖ ይነካል?» ብላ ተገረመች። ሌላ ቀን ስለ ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ እነግራታለሁ፤ በክራር ጀምሮ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ይህን ለልጆቼ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ነው የምነግረው፤ መቸኮሌን ያበርድልኛል።

መስከረም 1፣ 2018 ዓ.ም.

ሚጣ ጠዋት ከሕንፃው ሴት ልጆች ጋር አደይ አበባ ይዛ አበባየሆሽ ስትል ዋለች። ለዛሬ ኪቦርድ አላዘጋጀሁም፤ ቀኑ የእግርና የጉሮሮ ነው። ከሰዓት ድምፇ ሰልሎ ተመለሰች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ኪቦርዱ ጋ ሄደችና «ለምለም» የምትለዋን መፈለግ ጀመረች። መጀመሪያ ሁለት ድምፅ። ከዚያ አውራጇ የምትለውን። ትስታለች፣ ትመለሳለች፣ በአፏ ብላ እንደገና ትፈልጋለች። ሽምብራ የለም፣ ዘንጉንም ካነሣሁት ሳምንት አልፎታል። ሰዓት ተመለከትኩ፦ 40 ደቂቃ። ባለቤቴ ለራት ልትጠራት ስትነሣ እጇን ያዝኩ።

መስከረም 5

ነገ ትምህርት ይጀመራል። ትናንት ማታ ልጆቹ ተኝተዋል ብዬ ሄድፎኑን ሳላደርግ አንቺ ሆዬን ስሞክር ነበር፦ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያም ሶል ሻርፕ።

ዛሬ ጠዋት ሚጣ ከቁርስ በፊት መጣችና ጣቷን ቀጥታ ሶል ሻርፕ ላይ አሳረፈች። «ባባ፣ የጉልቻዋ የመሃል ድንጋይ ማታ ከነጮቹ ጋር ምን ትሠራ ነበር?»

ወንበሩ ላይ ጋቢውን አጠፍኩላት። ማሙሽ ትሪውን ሊያመጣ ሮጠ።